በመቀነቴ ጫፍ የነበረው ቁልፍ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ክረምቱ እየወጣ ነበር፤ አሶሳ ውስጥ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ እርጥበት የጠጣ ልብሱንና ፍራሹን የሚያሰጣበት ሰሞን። ደጀኔ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን በጠባቡ በር ስናወጣው ፍራሹ መሃል ላይ ተጣጥፎ ደጀኔን ከግድግዳው ጋር ለጠፈው።

«ያዢው እንጂ! አንቺ አጥብቀሽ የምትይዢው ማህተም ብቻ ነው?» አለኝ ከፍራሹ ጀርባ።

«ማህተም እንዳንተ አይንዘላዘልም።»

«ወይዘሮ ማህተም!» ብሎ ሳቀ። ቤት ውስጥ የሚጠራኝ እንደዚያ ነበር።

ፍራሹን አጥሩ ላይ ዘረጋነው። በዱላ እየተፈራረቅን መታነው፤ አቧራው አስነጠሰው። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወደ ሆሞሻ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየሁትም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሞቱ ለማውራት አይደለም። ሞት ያልገባበት ቤት የለም። የምጽፈው እሱ ከሞተ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ውስጥ እኔ ስላደረግሁት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንድ ገጽ ጽፌ አንድ ወር ሳልነካው የቆየሁበት ጊዜ አለ።

ያን ጊዜ የከተማው አስተዳደር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ የተወለድኩትም የተማርኩትም እዚሁ አሶሳ ነው። ለደብዳቤ ቁጥር የምሰጠውና ክቡን ማህተም የምይዘው እኔ ነበርኩ። ማህተሙ የሚቀመጥበት የብረት ካዝና አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ ትርፉ ከእኔ በፊት በነበሩት ሰው ጊዜ ጠፍቷል። ከቢሮ ስወጣ ቁልፉን በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት እናቴ፣ «የአደራ ዕቃ ከወገብ አይለይም» ብላ ያስለመደችኝ ነው።

«ስንዱ ያልተሟላ ነገር አታትምም» ይባል ነበር፤ ይህን ስም እወደው ነበር። አንድ ጊዜ ከንቲባው ራሳቸው ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ አምጥተው መልሻቸዋለሁ። ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራሁት አላውቅም።

ደጀኔ በኮሌጁ የኤሌክትሪክ ሥራ አሠልጣኝ ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ደጀኔ ግን በየዓመቱ ስለ ሰው ልጆች ሲናደድ ይኖር ነበር። ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆች ይመዘገባሉ፤ ሁለት ወር ይማራሉ፤ ከዚያ ቤት ኪራዩና ምግቡ ሲያቅታቸው ማንንም ሳይሰናበቱ ይጠፋሉ።

«የሚሄዱት እኮ ጎበዞቹ ናቸው» ይለኝ ነበር። «አንዴ ካሳየሃቸው ሁለተኛ የማይጠይቁህ። ሰነፉማ አጎት አለው፣ ከተማ ውስጥ ያድራል፣ ይመረቃል።»

በዚያ ዓመት አንድ ለጋሽ ድርጅት ውድድር አወጣ። ላሸነፈው ኮሌጅ አቅም የሌላቸውን ሠልጣኞች የትምህርትና የኑሮ ወጪ ይሸፍናል፤ ሲጨርሱም ወደ ሥራ የሚገቡበትን መንገድ ያመቻቻል። ነገር ግን ኮሌጁ ብቻውን መወዳደር አይችልም። የአካባቢው አስተዳደር፣ «ከጎኑ ነኝ፤ ማደሪያ ቤት እሰጣለሁ፤ ሠልጣኞቹን በከተማው ሥራዎች ላይ አለማምዳለሁ» ብሎ በፊርማና በማህተም መደገፍ ነበረበት። ማመልከቻውን የጻፈው ደጀኔ ነው። ከንቲባው ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እኔ አውቃለሁ። በመጨረሻ ካቢኔው ተስማማ። ዓርብ ከሰዓት ከንቲባው የድጋፍ ደብዳቤውን ፈርመው ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ደብዳቤው እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። የማስገቢያው ቀን የሚያበቃው ማክሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነበር። የቀረው ማህተም ብቻ ነበር።

አባሪውን ገለጥኩት። የአርባ ልጆች ስም አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቤተሰቡ መክፈል እንደማይችል የቀበሌው ማረጋገጫ አለ። ከሆሞሻ የሆኑት የአስራ አንድ ልጆች ስም ጎን ግን ባዶ ነበር።

«ደጄ፣ ይህ አልተሟላም» አልኩት። ፊቴ ቆሞ ነበር።

«አውቃለሁ፤ ሰኞ በሰው ይልኩልኛል። አንቺ ደብዳቤውን አትሚው፤ ማረጋገጫውን ከኋላ አያይዘዋለሁ።»

«አባሪው ሳይሟላ ማህተም አላደርግም።»

«ማህተሙ የሚያርፈው ደብዳቤው ላይ ነው እንጂ አባሪው ላይ አይደለም እኮ።»

«‹ለባሏ ሲሆን ዓይኗን ጨፈነች› እንድባል ነው?»

በክፍሉ የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። አንዷ፣ «መምህር፣ እዚህ ቤት ጋብቻ አይሠራም፤ ተሰለፍ» አለችው። እሱም አብሯት ሳቀ። እውነቱን ልናገር፤ ሰው ፊት እምቢ ማለቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብዳቤው ላይ ማህተሙን ለማሳረፍ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነበር የሚበቃኝ።

«በይ እሺ፣ ወይዘሮ ማህተም። ነገ ራሴ እሄዳለሁ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ፍራሹን ብቻዬን እየጎተትኩ ሳስገባ፣ «የት ቀረ ይሄ ሰውዬ! ማውጣት ብቻ ነው የሚያውቀው» ብዬ ተነጫነጭኩ። ኋላ ሰዓቱን ሳሰላው፣ በዚያች ሰዓት ሞቷል። ከሆሞሻ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ጭቃ አንሸራቶት ከመንገድ ወጥቶ ወድቆ ነበር ያገኙት። ቦርሳው ጀርባው ላይ እንዳለ ነው። እሑድ ቀበርነው።

ሰኞ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለ አቶ ምትኩ መጡ። የአስተዳደሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ትሑት ሰው ናቸው። አጠገቤ በርከክ አሉ። የጫማቸውን ጭቃ በጣታቸው ይፍቃሉ። ታላቅ እህቴ ዘነቡ ነገሩ ገባትና፣ «ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?» አለቻቸው።

«እንደው አፌን ምን ይዞት ልናገር። እህቴ ስንዱ፣ ይቅር በይኝ። ሰው እንባው ሳይደርቅ ይህን መጠየቅ ነውር ነው።»

«ይናገሩ» አልኳቸው።

«የደጀኔን ቦርሳ ከፍተን አየነው። የሆሞሻዎቹ ማረጋገጫ ውስጡ አለ፤ ዝናቡ እንኳ አልነካውም፣ በላስቲክ ጠቅልሎታል። ሁሉ ነገር ተሟልቷል። የቀረው ማህተም ብቻ ነው። የካዝናውን ቁልፍ ብትሰጪኝ ራሴ ቃለ ጉባኤ ይዤ…»

የቀረው ማህተም ብቻ ነው። ዓርብ ዕለት ደጀኔ የለመነኝም ይህንኑ ነበር። ቁልፉ በመቀነቴ ጫፍ፣ በጥቁሩ ቀሚስ ስር፣ ጎኔን እየወጋኝ ነበር። ፈትቼ ብሰጣቸው አንዲት ትንሽ ነገር በቀላሉ ትፈጸማለች፤ ያን ያህል ቀላል ከነበረች ደግሞ ዓርብ ለምን አላደረግኋትም? ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። ዓርብ ዕለት የሳቁት ሁለቱ ሠራተኞች እዚያው ማዶ ተቀምጠዋል።

«ቁልፉ እሱ ጋ ነበር» አልኩ።

«እሱ ማን?»

«ደጀኔ። ቅዳሜ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብሮ ይዞት ሄደ።»

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አቶ ምትኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የመንግሥት ካዝና ቁልፍ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት። ቀስ ብለው ተነሡ።

በወንዶቹ በኩል ኢድሪስ የሚባል ሰው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የሆሞሻ ገበሬ ነው፤ በገበያ ቀን ለውዝና ባሚያ ይነግዳል። ልጁ አስያ ከአስራ አንዱ አንዷ ናት። ቅዳሜ ዕለት የቀበሌውን ሊቀመንበር ከእርሻው ፈልጎ ያመጣው፣ ደጀኔን ቤቱ ወስዶ ምሳ ያበላው እሱ ነው። የቤት ቋንቋው በርታ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴትንም ወንድንም «አንተ» ነው የሚለው። ኢድሪስ ተነሥቶ ወጣ።

አቶ ምትኩና ምክትል ከንቲባው ተመካከሩ አሉ። ካዝናውን ለመስበር ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ የፖሊስ ታዛቢ ያስፈልጋል፤ የከንቲባው ፈቃድም ያስፈልጋል፣ የእሳቸው ስልክ ደግሞ አይነሣም። «መጀመሪያ ቁልፉ ይፈለግ፤ የወደቀበት ቦታ ይታወቃል አይደል?» ተባለ። ውሸቴ ያን ቀን የበላው እንደዚህ ነው። ቁልፉ ጠፋ ብል ኖሮ ወዲያው ብየዳ ሠራተኛ ይጠሩ ነበር። የት እንደሚፈለግ ግን ነገርኳቸው።

ወደ ማታው ገደማ ኢድሪስ ተመልሶ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የመንገዱ ዳር ሣር በዚያ ሰሞን ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ቅጠሉ እንደ ምላጭ ነው። እጆቹ እስከ ክርኑ ተቆራርጠው ደም አዝለዋል። በሴቶቹ በኩል ሰው ሁሉ እያየው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የለም» አለኝ። «ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ ወላሂ የለም። ሣር ቆረጥኩ፣ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ነገ ልጆች ይዤ እፈልጋለሁ።»

ዘነቡ እጁን አይታ፣ «ኧረ በስመ አብ! ይህን እጅ ይዘህ ነው ነገ የምትፈልገው? አንተ ሰውዬ ሚስት የለህም እንዴ የምትቆጣህ?» አለችው።

«ሚስትማ አለች። እሷ ነው ማጭድ የሰጠኝ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስንዱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ አትቆጣኝ። ቅዳሜ ደጀኔ ወረቀት ጨርሶ ነበር። ‹ልሂድ› አለ። እኔ ነው ያዘገየሁት። ‹ምሳ ሳትበላ አትሄድም› አልኩት። ‹ስንዱ ትጠብቀኛለች› አለ። ‹ብላ!› አልኩት። በልቶ ሲጨርስ ደመና መጣ። እኔ ባላዘገየው ዝናብ አያገኘውም ነበር።»

እንባው በጭቃው ላይ ወረደ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ እያለ ይቅርታ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ቁልፉ ከእጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ መቀነቴ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ «ተው ወንድሜ፣ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም ይኸው» ማለት ይቻል ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚል ነበር። ልክ እንዳስቀየመኝና ይቅር እንዳልኩት!

«ሶብር አድርግ። አላህ ያጠንክርህ» ብሎኝ ወጣ።

ማክሰኞ ሠልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው የቆየሁት፣ ጠዋት አቶ ምትኩን ለብቻቸው ጠርቼ እሰጣቸዋለሁ የሚል ነበር። ጠዋት መጡ፤ ሰው አጀባቸው፤ አልጠራኋቸውም። ስድስት ሰዓት ላይ ምግብ ቀረበ፤ ሰው ይብላና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ኢድሪስ ሁለት ልጆቹን ይዞ አሁንም መንገዱ ዳር እንዳለ ሰማሁ። አንደኛዋ አስያ ናት አሉ። ልጅቷ ለራሷ ትምህርት የሚሆን ቁልፍ በሣር ውስጥ እየፈለገች ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እያንዳንዱ ሰዓት ባለፈ ቁጥር መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብናገር፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ለምን አልተናገርሽም?» እባላለሁ። ዓርብ ላይ አንድ እፍረት ነበር፤ ሰኞ ሁለት ሆነ፤ ማክሰኞ መቁጠር አቃተኝ።

ዘነቡ አጠገቤ ነበረች። «ምን ሆነሻል? ስልኬን ደጋግመሽ የምታዪው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሰዓት ለማየት።»

«የትም ላትሄጂ!»

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ ዝናቡ እያወሩ ነበር። ሰዓቱ እንዲሁ አለፈ። ቢሮ ውስጥ ኮሚቴው ገና ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ነበር አሉ። ኮሌጁ ማመልከቻውን ያለ ማህተም ላከው።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ፈትቼ ለአቶ ምትኩ ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም።

«ከየት ተገኘ?» አሉኝ።

«ከኮቱ ገበር ውስጥ። ልብሱን ስናወጣ።»

ቁልፉን እያገላበጡ አዩት። ደረቅ ነው፤ ጭቃም ዝገትም የለበትም። እኔን አላዩኝም። «እግዜር ይማረው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ማመልከቻው በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀ፤ የድጋፍ ደብዳቤው ማህተም የለውም ተብሎ። አርባዎቹ ልጆች ተነገራቸው። አስያ ወር ሳይሞላ ወደ ጉባ ሄዳ የግድቡ ሠራተኞች የሚመገቡበት ቤት ሳህን ማጠብ ጀመረች። ማህተሙ ለምን እንደዘገየ የሚያስረዳ ሪፖርት ተጻፈ። ሪፖርቱ ወደ መዝገብ ቤት መጣ፤ ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝና አነበብኩት። «አሠልጣኙ የመንግሥት ካዝና ቁልፍ ያለ አግባብ ይዞ በመንቀሳቀሱ» ይላል። ቁጥር ሰጠሁት። ማህተም አደረግሁበት። የተሟላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ውስጥ ስለ ደጀኔ ሲነሣ ሰዎች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን…» ይላሉ። ያን «ግን» የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የደጀኔ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሆሞሻ ሄድኩ። ኢድሪስ ደጃፉ ላይ የደረቀ ባሚያ በሸራ ላይ እየመረጠ ነበር። ሲያየኝ ደስ ብሎት ተነሣ፤ ሚስቱን ጠርቶ ውኃ አስመጣልኝ። እጆቹ ድነዋል፤ ጠባሳው ግን ነጭ ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ዓርብ ከሰዓት ከሆነው ጀምሬ እስከ ኮቱ ገበር ድረስ ሁሉንም ነገርኩት።

ቁጭ አለ። ባሚያውን መምረጥ ቀጠለ። አንድ እፍኝ ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ጀመረ።

«ሰኞ ስመጣ» አለ በመጨረሻ፣ «ቁልፍ አንተ ጋ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ደም ይዤ ስቀመጥ?»

«እዚህ ነበር» ብዬ ጎኔን ነካሁ።

በበርታ ለሚስቱ አንድ ነገር ተናገረ። ሚስቱ ወደ ውስጥ ገባች፤ እስክሄድ ድረስ አልወጣችም።

«ለቢሮ ነገርክ?» አለኝ።

«አልነገርኩም። መጀመሪያ አንተን ይቅርታ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«ይቅርታ ቀላል ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ሂድ። ግን ደጀኔ አሁንም ቁልፍ የወሰደ ሰው ነው። አስያ ሕይወት አላት፤ ዛሬ ሳህን ታጥባለች፣ ነገ ታውቃለች አላህ ያለላትን። ደጀኔ ነገ የለውም። አፍ የለውም። ቤቴ በልቶ የሄደ ሰው ነው፤ ሌባ እየተባለ ይተኛል?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እኔን ተው! ወደ እሱ ሂድ!»

የምሄድበት መኪና እስኪመጣ ድረስ መንገድ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። አልሸኘኝም። በዚህ አገር እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም፤ ትርጉሙ ገብቶኛል።

በማግስቱ ለአቶ ምትኩ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ።

«ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉኝ። «ቁልፉን የሰጠሽኝ ቀን ጠርጥሬያለሁ። ሰው ሆነሽ ነው ብዬ አለፍኩት። ፋይሉ ተዘግቷል። ውድድሩ አይመለስ። አንቺም ደመወዝሽ ያስፈልግሻል፤ ብቻሽን ነሽ።»

«ሪፖርቱ ላይ የእሱ ስም አለ።»

«የሞተ ሰው አይከሰስም፣ ስንዱ።»

«ይሰደባል ግን» አልኳቸው።

የዚያኑ ዕለት የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ግልባጭ ለኮሌጁ አልኩ። የገቢ ቁጥር ራሴ ሰጠሁት። ከዚያ ማህተሙንና ቁልፉን በርክክብ ሰነድ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሁለት ጊዜ ቀረብኩ። ዓርብ ዕለት «እዚህ ቤት ጋብቻ አይሠራም» ያለችው ባልደረባዬ ምስክር ሆና መጣች። ስታየኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። ሪፖርቱ ተሠርዞ ሌላ ተጻፈ። የኮሌጁ ሠራተኞች በስብሰባ ላይ ደብዳቤዬን ጮክ ብለው አነበቡት። ከኃላፊነቴ ወረድኩ፤ በር ላይ ባለጉዳይ መዝጋቢ ተደረግሁ። አንዳንዱ ሰው ሰላም ይለኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ስሙን ብቻ ነግሮኝ ያልፋል። ስለዚህ ማንንም አልቀየምም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት «ኀዘን ላይ ነበረች፤ አእምሮዋ ቦታው ላይ አልነበረም» ትሉልኝ ይሆናል። ዘነቡም እስከ ዛሬ የምትለኝ ይህንኑ ነው። አልቀበለውም። ኀዘኑ እውነት ነበር፤ ግን ሰዓት እያየሁ ነበር። ኀዘን የሸፈነኝ ቢሆን ኖሮ ሰዓት አላይም ነበር። ያን ቀን ለቅሶ ከለላ ሆነኝ፤ እንባ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም የሚለው ደግ ልማዳችን እኔን ደበቀ፤ እኔም ከልማዱ ጀርባ ቆሜ የአርባ ልጆች ቀን ሲያልፍ አየሁ። ስሜ ይጠበቅልኝ ያልኩት ዓርብ ነው፤ ስሙን ያጠፋሁት ሰኞ ነው። በመካከሉ የነበሩት ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው።

ደጀኔን በሕልሜ አላየውም። አንዳንድ ሴቶች ባሎቻቸውን በሕልም እያዩ ይጽናናሉ። እኔ ጋ አይመጣም።

ድርጅቱ ውድድሩን እንደገና አላወጣም። አስተዳደሩ ግን ለማደሪያ ሊሰጥ ቃል የገባውን ቤት በኋላ ለኮሌጁ ሰጠ፤ ከገጠር የመጡ ሴት ሠልጣኞች ይኖሩበታል። ቤት ኪራዩ ቀርቶላቸዋል፤ ምግቡ ግን በራሳቸው ነው፤ ከሚኖሩት አንዳንዶቹ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉ ነበር። አስያ ከእነሱ መሃል የለችም፤ አሁንም ጉባ ናት።

ከሥራ ስወጣ ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ። ለዘጠኝ ሴት ልጆች ራት እሠራለሁ።